ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ምን ጎደላት?

አትሌቱ መስመሩን አልፎ ትንፋሹን እንኳን ሳይሰበስብ ማይክሮፎን ይደቀንበታል። ጥያቄው ሁሌም የድሉ ምስጢር ምንድን ነው የሚል ነው፤ መልሱም አይለወጥም። በመጀመሪያ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀጥሎ ጠንክሬ ሠርቻለሁ። በዚህ መልስ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያሸነፈ ሰው ቢያመሰግን ደግ አደረገ። ቅሬታዬ እኛ አዋቂዎቹ በዚያች አጭር ምስጋና ላይ ከምንከምረው ትምህርት ጋር ነው። ሰኞ ጠዋት ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ በተሰለፈበት ርእሰ መምህሩ ይደግመዋል፤ እሑድ ሰባኪው ያብራራዋል፤ አነቃቂ ንግግርን ሙያ ያደረጉት ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው በትኬት ይሸጡታል። የጸና ያሸንፋል፣ ያመነ ይደርሳል፣ እናንተም እንደ እሱ ብትጸኑና ብታምኑ ነገ እዚያ መድረክ ላይ ትቆማላችሁ፤ ይህ ነው ትምህርቱ።

ውሸት ነው። ለልጆች የሚነገር ውሸት በመሆኑ ደግሞ ዝም ብለን የምናሳልፈው አይደለም።

ከሂሳቡ ልጀምር። በዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና አንድ አገር በአንድ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው ሁለት አትሌቶችን ብቻ ነው። አሁን ለ5,000 ሜትር ለመመረጥ የሚሮጡትን የኢትዮጵያ ልጃገረዶች አስቡ። ከአርሲ የመጣችው አለች፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ የመጡትም አሉ። ሁሉም ሌሊት በ11 ሰዓት ሲነሱ ከርመዋል፤ ሁሉም ዳገት ወጥተዋል፣ ኮረኮንች ላይ ወድቀው ተነስተዋል። ከመካከላቸው ያልጸለየች ካለች እደነቃለሁ። ሦስተኛ የወጣችው ልጅ የሌላ አገር ማልያ ብትለብስ ኖሮ ሜዳሊያ ይዛ ልትመለስ ትችል ነበር፤ ኢትዮጵያዊት በመሆኗ ግን አውሮፕላኑ ላይ አትወጣም። ይህች ልጅ ምን ጎደላት? በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም እጥፍ ቢጸኑ፣ እጥፍ ቢጸልዩም የሚሄዱት ሁለት ናቸው። ጽናት በሁሉም ዘንድ ሲበረታ ውድድሩ ይከብዳል እንጂ መድረኩ አይሰፋም።

ሰባኪው ይህን ሲሰማ፣ ልዩነቱ ያለው ከእምነቱ ጥልቀት ላይ ነው ይለኛል። እንግዲያው ለንደንን እናስታውስ። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2012 መሠረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን መስመር አልፋ ከማልያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አብሯት ያላለቀሰ ጥቂት ነው። እኔም ካለቀሱት ነኝ። ሰዓቷ 15:04.25 ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሪዮት ናት። ሦስተኛዋ ጥሩነሽ ዲባባ 15:05.15 ገባች። በአንደኛዋና በሦስተኛዋ መካከል ያለው አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ጥሩነሽስ አልጸለየችም ነበር? ሁለቱ ገና ወጣቶች ሳሉ፣ በ2002 ኪንግስተን ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና፣ በዚሁ ርቀት መሠረት አንደኛ ጥሩነሽ ሁለተኛ ወጥተዋል። በዓመቱ ፓሪስ ላይ ጥሩነሽ በ18 ዓመቷ የአዋቂዎቹን የዓለም ሻምፒዮና ወሰደች። የኦሊምፒኩ ወርቅ ደግሞ አቴንስ ላይ የመሠረት፣ ቤጂንግ ላይ የጥሩነሽ፣ ለንደን ላይ እንደገና የመሠረት ሆነ። እምነት በየአራት ዓመቱ ከአንዷ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ይገባ ነበር ልንል ነው? ሩጫ የሚያውቅ ሰው ስለዚያ ውድድር ሲጠየቅ ስለ ፔሱ፣ ስለ መጨረሻው ዙር፣ ማን ማንን በየት በኩል እንዳለፈ፣ ስለ ዕለቱ ኮንዲሽን ያወራል። ሜዳውን የማያውቀው ነው ወደ ምስጢር የሚሮጠው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ድልን የሚወልደው ጽናት ከሆነ፣ አብዛኛው ጽናት ለምን አርሲ ውስጥ ተከማቸ? በቆጂ የአርሲ ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ወጡ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህርም ነበራት፤ ሰዓት ይዞ፣ ልጆቹን በማለዳ እየሰበሰበ፣ የትኛው እግር ለየትኛው ርቀት እንደሚሆን የሚለይ ዓይን ያለው። የጋምቤላ ልጅ፣ የአፋር ልጅ ያን ያህል ወርቅ ያላመጣው ሰነፍ ስለሆነ ነው? በረሃ ላይ ከብት እየነዳ ውሃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ልጅ ጽናት ይማር ዘንድ ወደ አዳራሽ ሊጠራ አይገባውም፤ እሱ ራሱ ሊያስተምረን ይችላል። ያጣው ጽናት አይደለም። ከፍታው ነው፣ አሰልጣኙ ነው፣ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ነው። ደግሞ እኮ የእኛ ሯጭ ብቻውን አይሮጥም። በቡድን ይወጣል፣ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ተራውን ጠብቆ እየመራ። አዳራሹ ውስጥ የሚተረከው ግን በጭጋግ ውስጥ ብቻውን የሚሮጥ ጀግና ነው። ያ ጀግና እንጦጦ ላይ ቢታይ ጓደኞቹ ራስ ወዳድ ነው ብለው በታዘቡት ነበር።

ምሩጽ ይፍጠርን ሳይጠሩ ስለ ጽናት የሚናገሩ አላጋጠሙኝም፤ ልክም ናቸው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5,000 ሜትሩ አመለጠው። በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች፤ ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይድዋን ደቡብ አፍሪካን መጎብኘቱ ነበር። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ጠበቀና በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ታሪኩ ለስብከት የሚመቸው ግን 1980 ስለ መጣለት ነው። በላይነህ ዴንሳሞን እንውሰድ። ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት መስከረም ሴኡል ላይ ኦሊምፒክ ነበር። በምድር ላይ ካለው ሁሉ የፈጠነው የማራቶን ሯጭ በዚያ መስመር ላይ አልቆመም፤ አገሩ ከአራት ዓመት በፊት ሎስ አንጀለስን እንደቀረች ሴኡልንም ቀርታ ነበርና። የምሩጽን ጽናት ከበላይነህ ጽናት የሚለየው ምንድን ነው? የተወለዱበት ዓመትና መንግሥት የወሰነው ውሳኔ። ስለ በላይነህ የሚሰብክ ሰባኪ ካለ ቀርቤ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

በወጣቶች ውድድር ላይ ይህ ነገር ይብሳል፤ ወጣትነት የሚያልቅበት ቀን በደንብ ተጽፏልና። ናይሮቢ ላይ በ2020 ሊካሄድ የነበረው የዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና በኮሮና ምክንያት ወደ ነሐሴ 2021 ተዛወረ፤ ዕድሜ የሚቆጠረውም በአዲሱ ዓመት ሆነ። በ2001 የተወለደ ልጅ አንድ ቀን ልምምድ ሳያጎድል ዕድሜው አልፎ ቀረ። በዚያው ጊዜ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ነበር፤ እዚያ የነበረው ወጣት ሯጭ ስለ ስፓይክ ሳይሆን ስለ እህልና ስለ ሕይወት የሚያስብበት ጊዜ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ሄዶ ያመነ ይደርሳል ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

የቀነኒሳን የ2005 ታሪክም እናውቀዋለን። በጥር ወር እጮኛው ዓለም አብራው ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ አረፈች። በመጋቢት ቀነኒሳ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ሐዘኑን ድል ነሣው ብለን እንተርካለን፤ ይገባዋል። ነገር ግን ዓለምም ሯጭ ነበረች። በ2003 የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ያገኘች፣ ስታርፍ ገና ወጣት ልጅ። በዚህ ትረካ ውስጥ የሱ ፈተና ሆና ብቻ ትቀራለች። የጸና ያሸንፋል የሚለው ትምህርት ለእሷ የሚሰጣት ቦታ የለውም፤ ቦታ የሌለው ለእሷ ከሆነ ደግሞ ትምህርቱ ስለ እምነት ነው ለማለት ይቸግረኛል።

እምነቴን ነካህብኝ የሚለኝ ወንድም ቢኖር መጽሐፉን እንዲገልጥ እለምነዋለሁ። መክብብ የጻፈው ጠቢብ ሩጫ ሁልጊዜ የፈጣኑ እንዳልሆነ ታዝቦ የጊዜንና የአጋጣሚን ድርሻ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሩጫ ሲመስል፣ በደጃቸው የሚካሄደውን የኢስትሚያ ውድድር እንደሚያውቁ ያውቃል፤ የሯጩ አክሊል ጠውላጊ መሆኑን ሊነግራቸው ነው ምሳሌውን ያነሣው። ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጨረሻው መልእክቱ፣ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ፣ ሩጫውን ስለ መጨረሱ ይናገራል፤ አንደኛ ወጣሁ የሚል ቃል አይወጣውም። ኢዮብስ? ወዳጆቹ አመድ ላይ ተቀምጦ አዩትና ከውድቀቱ ተነሥተው ጥፋቱን ፈለጉለት፤ ይህ ሁሉ የደረሰብህ አንድ ነገር ብትበድል ነው አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነዚያ ወዳጆች ላይ ነው። የስፖርት ሰባኪዎቻችን የተቀመጡት እነሱ ወንበር ላይ ነው። በእስልምናም ቢሆን ሰብር (ትዕግሥት) የሚመሰገነው በመከራው ውስጥ ራሱ ነው፤ ለአሸናፊነት የሚከፈል ቅድመ ክፍያ አድርጎ ያስተማረ ዐዋቂ አልሰማሁም።

ድል የእምነት ማስረጃ ከሆነ ሽንፈትም ተከሳሽ ይፈልጋል። ይህ በሐሳብ ደረጃ የቀረ ነገር አይደለም፤ ሯጮች መካከል ያለ ሰው ያውቀዋል። ልጁ ኮንዲሽኑ ሲወርድ፣ ደሙ ውስጥ ብረት ማነሱን ወይም ከመጠን በላይ መለማመዱን ከመጠርጠሩ በፊት ተደግሞብኛል ይላል። ማን ደገመብህ? አብሮኝ የሚሮጠው። ትናንት ከፊቱ እየመራለት ዳገት የወጣው ጓደኛ ዛሬ መተተኛ ይሆናል። እየጸለይኩ፣ እየጸናሁ ለምን ቀረሁ ለሚል ልጅ የሰጠነው ትምህርት ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ወይ እምነትህ ጎዶሎ ነው፣ ወይ ሰው አስሮሃል። ሦስተኛውን መልስ፣ ዛሬ ሌላው ፈጠነ የሚለውን፣ ማንም አላስተማረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ሕመሙ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ቅልጥሟን ሲያማት ይህ ፈተና ነው፣ ታልፊዋለሽ ትባላለች። አጥንት በተደጋጋሚ ምት ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፤ በጊዜ ከተያዘ በጥቂት ሳምንታት እረፍት ይድናል፣ ተደብቆ ከተሮጠበት ይሰበራል። የበላችው ከምታወጣው ጉልበት ካነሰ የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷም ይሳሳል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ ይህን በግልጽ አስጠንቅቋል። ሕመምን መናገር እምነት ማጣት በሆነበት ቤት ግን ልጅቱ ዝም ትላለች። የሚገርመው ሃይማኖቱ ራሱ እንዲህ ጨካኝ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ከጾም ፈቃድ ትሰጣለች፤ እስልምና ለበሽተኛውም ለመንገደኛውም ረመዳንን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዷል። ሃይማኖት ለታመመ አካል የሚራራውን ያህል የማይራራ አሰልጣኝ በሃይማኖት ስም ሊናገር አይገባውም።

ስለ ዕድሜም ካልተናገርኩ የሸሸሁ ይመስላል። በታዳጊና በወጣቶች ውድድር ዕድሜ መቀነስ የተለመደ መሆኑን ከሜዳው ሰው የማያውቅ የለም። አንድ ልጅ ወደ ውድድር ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው የተወለደበትን ዓመት መለወጥ ይሆናል፤ ያስተማረው አዋቂ ነው፣ ወረቀቱን ያሰራውም አዋቂ። ከዚያ ያ ልጅ አሸንፎ መድረክ ላይ ይወጣና ስለ ጽናትና ስለ እምነት ይመሰክራል። በእውነት 17 ዓመት የሆነው፣ ከኋላው ሰባተኛ የገባው ልጅ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የጎደለውን ነገር በራሱ ውስጥ ይፈልጋል። የጎደለው አራት ዓመት ነበር። ማጭበርበር በሌለበት አገር እንኳን ዕድሜ ያዳላል። በ1980ዎቹ የካናዳን የወጣቶች ሆኪ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከተመረጡት ተጫዋቾች መካከል በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የተወለዱት ከልክ በላይ በዝተው አገኙ፤ የዕድሜ ቆጠራው በጃንዋሪ 1 ስለሚጀምር በዲሴምበር ከተወለደው እኩያቸው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጡታል፣ በቁመትም በክብደትም። በጸሎት የልደት ወር አይለወጥም።

ተስፋ አታስቆርጥ ይሉኛል። ደራርቱን በልጅነቷ አንድ ሰው ይህን ሂሳብ ቢያሰላላት ኖሮ በ1992 ባርሴሎና ላይ ማን ወርቅ ያመጣልን ነበር? ከሚሰነዘሩብኝ መልሶች ጠንካራው ይህ ስለሆነ ጠጋ ብዬ ልመልስ። የበቆጂ ልጅ ተስፋ ከአዳራሽ አይገዛም። የጎረቤቱ ልጅ ሮጣ ለወላጆቿ ቤት ሠርታለች፤ አይቶታል፤ በቂው ነው። እሱ የሚያጣው እውነቱን የሚነግረው ሰውና የሚጠብቀው ትምህርት ቤት ነው። በየማለዳው በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይሮጣሉ፤ ከእነሱ ክለብ የሚገቡት፣ ማናጀር የሚያገኙት፣ ውጭ ወጥተው የሚሮጡት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን የሰማ ልጅ ሩጫውን ይተዋል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ ልጆቹን አታውቋቸውም። ይሮጣሉ። ሲሮጡ ግን ደብተራቸውን አይጥሉም።

ደራርቱን ካነሣን አይቀር፣ በዚያ የባርሴሎና ምሽት ስለ ሰው የሚያስተምረው ነገር የመጣው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። አሸናፊዋ ቆማ ጠበቀች፤ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት፣ ኤላና ሜየርን፤ ከዚያ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። አፓርታይድ ገና አልሞተም ነበር። ያን ትምህርት ሜየርም እኩል አስተምራዋለች፤ ወርቅ አላስፈለጋትም። ስፖርት ለልጆች የሚሰጠው ነገር ካለ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ከኋላ የገባውም ከፊት እንደገባው ሊወስደው የሚችል። ውጤቱን ብቻ የምንሰብክ ከሆነ ይህ ሁሉ ለሦስት ሰው ብቻ የተዘጋጀ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። አሰልጣኝ ለ17 ዓመት ልጅ ሜዳሊያ ጉርሻ አይከፈለው፤ ጉርሻው ካለ ልጆቹ ሳይሰበሩና ክፍል ሳይደግሙ ዓመቱን በመጨረሳቸው ይሁን። የሩጫ መታወቂያ ሲሞላ ከልደት ቀን ጎን የክፍል ደረጃ ይጻፍ። በ19 ዓመቷ ስፓይኳን ሰቅላ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠችውን ልጅ ተስፋ ቆራጭ ማለት ይቁም፤ ሌሊት በ11 ሰዓት አሁንም ትነሣለች፣ የምትነሣው ግን ለማንበብ ነው። እናንተ አዳራሽ የምትከራዩትም በሚቀጥለው መርሐ ግብራችሁ ላይ ሻምፒዮኗን ለአንድ ቀን አሳርፏት። ከወጣቶች ሻምፒዮና 11ኛ ወጥታ የተመለሰችውን፣ አሁን አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራውን ፈልጋችሁ ጋብዙ። የምትናገረውን ግን አስቀድማችሁ አትጻፉላት። ሩጫ ልጅነቴን በላብኝ ትል ይሆናል። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፣ ደስ ብሎኝም ተውኩት ትል ይሆናል። ሁለቱንም እኩል ለመስማት የተዘጋጀ አዳራሽ እስካሁን አላየሁም።